የጡንቻ ግንደ ሕዋስና ማደሪያው

የተጎዳ ጡንቻ የሚታደሰው በውስጡ አድፍጠው በሚጠብቁ ግንደ ሕዋሳት፣ ማለትም በስቴም ሴሎች ነው። አሌክሳንደር ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንቁራሪት ጡንቻ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ገለጻቸው። የሚገኙትም በጡንቻው ክርና ክሩን በሚያለብሰው ስስ የፕሮቲን ንጣፍ መካከል ነው። ላሚኒንና ኮላጅን የሚበዙበት ይህ ንጣፍ፣ ኤክስትራሴሉላር ማትሪክስ የምንለው ከሕዋስ ውጭ ያለ መዋቅር አካል ነው።

ንጣፉ መኝታ ብቻ አይደለም፤ የሕዋሱን ዕጣም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የአይጥ ጡንቻ ግንደ ሕዋሳትን በተለያየ ወለል ላይ አሳደጉ። የጤናማ ጡንቻን ልስላሴ በያዘ፣ ጥንካሬው 12 ኪሎፓስካል ገደማ በሆነ ሃይድሮጄል ላይ ያደጉት ራሳቸውን የመተካት ችሎታቸውን ጠበቁ፤ ወደ ሕያው አይጥ ሲዛወሩም ጡንቻን አደሱ። በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ያደጉት ግን ይህን ችሎታ በፍጥነት አጡ።

በእርጅናና ዱሼን በተባለው የጡንቻ መመንመን በሽታ፣ ኮላጅን እየተከማቸ ጡንቻው ይጠጥራል። ጥሩ ዘር በጭንጫ መሬት እንደማይበቅል ሁሉ፣ ጤናማ ሕዋስም በጠጠረ ጡንቻ ውስጥ ሊመክን ይችላል። ስለሆነም ሕክምናው ከሕዋሱ ጋር ማደሪያውንም ማከም ይገባዋል።