የኪቦርዱ መስኮት፦ ብርሃንና ኮንትራስት

የሠርግ ድንኳን ውስጥ ነን፤ ሰዓቱ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ከሚኒባስ አውርደው ዘርግተዋል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ማብሪያውን ተጭኖ አንድ ሁለት ኖታ ነካ ነካ አደረገ። ድምፅ አለ፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው። የተመረጠው ድምፅ ስም አይታይ፣ የሪትሙ ቁጥር አይታይ፣ ቴምፖው አይታይ። "ስክሪኑ ሞተ በቃ!" አለ ፊቱ ክስል ብሎ። ባልደረባው ምንም ሳይናገር ከኪቦርዱ ጀርባ ዞረና አንዲት ትንሽ ክብ ቁልፍ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። ፊደሎቹ ጭጋግ ሲገፈፍለት እንደሚታይ ተራራ ቀስ እያሉ ወጡ። ለካስ ቁልፏ በመንገድ ላይ ከገመድ ጋር ስትታሽ ዞራ ነው እንጂ ስክሪኑስ ደህና ነበር።

ያቺን ቁልፍ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የማስተዋውቃችሁ እሷንና ጓደኛዋን ነው፤ ኮንትራስትንና ብርሃንን።

ሁለቱ በሰው አፍ አንድ ይመስላሉ። በዕቃው ውስጥ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። ብርሃን ማለት ከስክሪኑ ጀርባ የሚበራው መብራት ጉልበት ነው። ኮንትራስት ማለት ደግሞ ፊደሉ ከመደቡ ተለይቶ የሚታይበት ልክ ነው። በነጭ ነጠላ ላይ በነጭ ክር የተሠራ ጥለት አስቡ። የፈለጋችሁትን ያህል መብራት ብታመጡለት ጥለቱ ጎልቶ አይወጣም። ጥለቱ ጥቁር ሆኖ ክፍሉ ቢጨልም ደግሞ ያው አይታይም። የመጀመሪያው የኮንትራስት ችግር ነው፤ ሁለተኛው የብርሃን። አንዱን በሌላው ማከም አይቻልም።

ስክሪኑ የተሠራበት ነገር ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፕራግ አንድ ውህድ ሲያሞቅ እንግዳ ነገር ገጠመው። ውህዱ በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀለጠና የደፈረሰ ፈሳሽ ሆነ፤ 178.5 ሲደርስ ደግሞ ጥርት አለ። በሁለቱ መሐል ያለው ሁኔታ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ። ይህ ባሕርይ ለስክሪን የዋለው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬም ድረስ የብዙ ኪቦርዶች ስክሪን መሠረት የሆነውን አሠራር ማርቲን ሻድትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1970 ስዊዘርላንድ ውስጥ ፈለሰፉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት የቀርከሃ አጥሮችን ፊትና ኋላ አቁሙ፤ የአንዱ ቀርከሃ የቆመ፣ የሌላው የተጋደመ ይሁን። በመጀመሪያው አጥር ክፍተት ቀጥ ብሎ ያለፈ ረጅም ዘንግ ሁለተኛው ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። በመሐል ግን ዘንጉን ቀስ አድርጎ የሚያጋድመው እጅ ቢኖር ያልፋል። አጥሮቹ በስክሪኑ ፊትና ኋላ የተለጠፉት ፖላራይዘር የሚባሉ ስስ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ዘንጉ ብርሃን ነው፤ የሚያጋድመው እጅ ደግሞ እንደ ገመድ የተጠመዘዘው ፈሳሽ ክሪስታል። ቮልቴጅ ሲለቀቅበት ክሪስታሉ ጥምዝምዙን ፈትቶ ቀጥ ይላል፤ ብርሃኑ ይታገዳል፤ ያ ነጥብ ይጠቁራል። ፊደል የሚሠራው እንዲህ ከጠቆሩ ነጥቦች ነው። የኮንትራስት ቁልፍ ይህንን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ታደርጋለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ታዲያ እንዲህ ያለች ትንሽ ቁልፍ ለምን ስክሪኑን በሙሉ ታጠፋለች? ምክንያቱ ልኩ ጠባብ መሆኑ ነው። በሁለት ረድፍ ፊደል የሚጽፍ ስክሪን ብዙውን ጊዜ 16 የነጥብ መስመሮች አሉት። መስመሮቹ በየተራ ስለሚታዘዙ እያንዳንዱ የሚያገኘው የጊዜውን አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ሂሳቡ ሲሠራ፣ መጥቆር ያለበት ነጥብ የሚደርሰው ቮልቴጅ መጥቆር ከሌለበት ነጥብ ቢበዛ 1.29 እጥፍ ነው። ቁልፏ ከዚህች ጠባብ ክፍተት በታች ከወረደች ምንም ፊደል አይታይም፤ በላይ ከወጣች ሁሉም ነጥብ ይጠቁርና የተደረደሩ ጥቁር ሣጥኖች ብቻ ይቀራሉ።

ልኩንም ሙቀት ያናጋዋል። ሙቀት ሲጨምር ክሪስታሉ በትንሽ ቮልቴጅ ይታዘዛል። በመሆኑም ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ብርድ የተስተካከለ ስክሪን ድሬዳዋ ሲደርስ ይጠቁራል፤ በተቃራኒው ቢሄድ ይፈዛል። በጠራራ ፀሐይ በቆመ መኪና ፖርቶባጋሊዮ ውስጥ የሰነበተ ኪቦርድ ስክሪኑ ጠቁሮ ቢገኝ አትደንግጡ፤ ራይኒትዘር ባየው መንገድ ሥርዓቱ ፈርሶ ይሆናልና ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ማዋል ግን ፖላራይዘሩን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ከሙቀት ሌላ ዓይን የሚያይበት አቅጣጫም አለ። እነዚህ ስክሪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በአንድ ወገን ጎልተው እንዲታዩ ተደርገው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ የሚያገለግል ሰው ያስተካከለው ስክሪን መድረክ ላይ ቆሞ ለሚጫወት ሊፈዝበት ይችላል። ቁልፏ በሣጥኑ ውስጥ ሳትሆን እጅ በሚደርስባት ቦታ የተቀመጠችው ተጫዋቹ ከቦታና ከአቋቋሙ ጋር እንዲያስማማት ነው።

የኪቦርድ ስክሪን ታሪክ እኛንም ይነካል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲኤክስ7 የተባለ ኪቦርድ ከ100 በላይ የድምፅ ቅንብሮችን የሚያሳየው በየረድፉ 16 ፊደል በምትይዝ ባለ ሁለት ረድፍ መስኮት ነበር፤ የጀርባ መብራትም አልነበረውም። ኢትዮጵያዊው ኪቦርድ ተጫዋች አርቲስት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮናቸውን ይዘው ብቻቸውን በሠሩት "ሸሞንሟናዬ" ካሴት ላይ ከተጫወቱባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዲኤክስ7 ነው። ያማሃ የጀርባ መብራት የጨመረው ኋላ ባወጣው ተከታዩ ሞዴል ነው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። ኪቦርዱን አብሩና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሙቅ። በምትጫወቱበት ሁኔታ ሁኑ፤ ቆማችሁ ከሆነ ቆማችሁ፣ ተቀምጣችሁ ከሆነ ተቀምጣችሁ። ከጀርባ ወይም ከስክሪኑ አጠገብ "ኤልሲዲ ኮንትራስት" የሚል ጽሑፍ ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ። ከሌለች ማስተካከያው "ፋንክሽን"፣ "ዩቲሊቲ" ወይም "ሲስተም" በሚለው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ከፊደሎቹ ኋላ ያሉት ሣጥኖች ብቅ ማለት እስኪጀምሩ ድረስ ጨምሩ፤ ልክ ብቅ ሲሉ ጥቂት መልሱና ተዉት። ብርሃኑን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለቀን ድንኳን ከፍ፣ ለጨለመ መድረክ ዝቅ። ኪቦርዱ በባትሪ ከሆነ ብርሃን መቀነስ ለባትሪው ዕድሜ ይጨምርለታል።

ያረጀ ኪቦርድ ላይ ቁልፏ ስትነካ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጧ አቧራ ይዟል ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ አመላልሷት፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

እምቢ ካለስ? ክፍሉን አጨልሙና በስልካችሁ ባትሪ ስክሪኑን በአግድም አብሩበት። ፊደል ከታያችሁ ስክሪኑ በሕይወት አለ፤ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። በድሮዎቹ ኪቦርዶች ውስጥ ያለው ስስ ወረቀት መሰል መብራት በጥቂት ሺህ ሰዓታት ውስጥ እየደከመ የሚሄድ ነው፤ በኤልኢዲም ሊተካ ይችላል። መደቡ በርቶ ሙሉ መስመሮች የጎደሉ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ያንን የድሮ መብራት የሚያበራው ክፍል መቶ ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ ሶኬቱ ሳይነቀል ካቻቢቴ ማስገባት አደጋ አለው።

አዳዲሶቹ ኪቦርዶች ባለ ቀለም ስክሪን ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የያማሃ ጄኖስ ባለ 9 ኢንች የንክኪ ስክሪን አለው። እንዲህ ባሉት ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ትራንዚስተር ስላለው ያ ጠባብ ልክ አያስጨንቅም፤ ለተጫዋቹ የቀረው በአብዛኛው ብርሃኑን ማስተካከል ነው።

በየቤቱና በየአዳራሹ ያሉት ግን በአብዛኛው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ እያለፉ ብዙ ልጆችን ያስተማሩ። ስለዚህ ኪቦርዳችሁ ድምፅ እየሰጠ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ፣ ለጠጋኝ ከመክፈላችሁ ወይም "ተበላሽቷል" ብላችሁ በርካሽ ከመሸጣችሁ በፊት ከጀርባው ዞር በሉና ያቺን ቁልፍ አዙሯት።