ሁለት ካሌንደር፣ አንድ አጀንዳ

ሁልጊዜ ስለ አፕ እናወራለን፤ ዛሬ ግን ቻርጅ ስለማይፈልግ ዕቃ ላውራ፦ የወረቀት አጀንዳ።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን አካባቢ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። የእኔ የሥራ ፈረቃ የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን የእሷ የሐኪም ቀጠሮ የሚጻፈው በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ነው። ለምሳሌ «የካቲት 17 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል ቀጠሮ እንውሰድ። ቀኑ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2026፣ ማክሰኞ ነው። ላስ ቬጋስ በክረምቷ ከኢትዮጵያ 11 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ያ ሰዓት እዚህ ገና ሰኞ ማታ፣ በፈረንጅ 10 ሰዓት ነው። ማርች 8 ላይ ደግሞ እዚህ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ ኢትዮጵያ ግን ሰዓት አትቀይርም። ልዩነቱ 10 ይሆንና ያው የጠዋቱ 3 ሰዓት እዚህ የማታ 11 ይሆናል።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ አጀንዳው ላይ ለመያዝ ይሞክራል። ሁለት ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ በዓላት፣ አጽዋማት፣ ባለቀለም እስክሪብቶ ይደረደራል። ገጹ በቁጥር ይሞላና ዋናው ቀጠሮ ከመሃል ይጠፋል።

ማስላት የማሽን ሥራ ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበት የዩኒኮድ አይሲዩ ላይብረሪ የኢትዮጵያን ካሌንደር ከነጳጉሜው ያውቃል። የቀን መለወጫ አፕም ሞልቷል። የወረቀቱ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ እኔ መቼ ምን እንደማደርግ መንገር።

ስለዚህ የእኔ አጀንዳ ተራ ባለመስመር ደብተር ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሁለት ገጽ ትይዩ። ሦስት ደንብ አለው።

አንደኛ፣ የሚጻፈው ቀጠሮው ያለበት ሰዓት ሳይሆን እኔ የምንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ከላይ ላለው ምሳሌ የምጽፈው «ሰኞ ማታ 8፦ ለወንድሜ ደውል፤ እማዬ ቁርስ እንዳትበላ» ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ገና ከቤት አልወጡም። የደም ምርመራው በባዶ ሆድ ከሆነ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ የቀኑን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የሚመላለሱት የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ይሰፍራሉ። እንቁጣጣሽ በ2026 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በ2027 ግን ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ምክንያቱም የ2019 ጳጉሜ 6 ቀን አላት። ይህን በየሳምንቱ መገልበጥ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ስልኬ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ አልደግምም። ወረቀት አይጮኽም፤ ስለዚህ ለማታ 8ቱ ጥሪ አላርም እሞላለሁ። ወረቀቱ ግን ሳምንቱን በአንድ እይታ ያሳየኛል፤ የትኛውን ፈረቃ ከባልደረባ ጋር መለዋወጥ እንዳለብኝ የማየው እዚያ ነው።

ለመጀመር አዲስ ዓመት መጠበቅ፣ ውድ አጀንዳ መግዛትም አያስፈልግም። ቀጠሮ በስልክ ሲነገራችሁ፣ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ እናንተ ሰዓት ለውጡት፤ ከዚያ አንድ መስመር ጻፉ።