ቍጡ የመሰለው ተማሪ

በአንድ ትምህርት ቤት ትጉህና ትሑት የሆነ አንድ ተማሪ ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ረፋድ ላይ መምህሩ «አንብብ» ቢሉት፥ ትናንት ያነበበውን ቃል ማንበብ አቃተው፤ መጽሐፉንም በቍጣ ወረወረው። ልጆቹም «ይህ ባለጌ!» እያሉ ሣቁበት። በአጠገቡ የተቀመጠው ባልንጀራው ግን ቀኑ ብርድ ሳለ ግንባሩ በላብ እንደ ራሰ፥ እጁም እንደ ተንቀጠቀጠ አየና «ጌታዬ፥ ወንድሜ ታሟል» አለ። መምህሩም ፈጥነው ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልቡ ተመለሰለት፤ ዳቦም በላ፤ «ምን አድርጌ ነው የምትመለከቱኝ?» ብሎም ጠየቀ።

የዚህ ነገር ምክንያቱ ምንድር ነው? የምንበላው እንጀራ በሆዳችን ሲፈጭ ከእርሱ ስኳር ይወጣል፤ ደምም ተሸክሞ ወደ አካላችን ሁሉ ያደርሰዋል። አንጐል ከሰውነታችን ክብደት ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዐርፈን ሳለን ሰውነታችን ከሚፈጀው ኀይል ከ5 እጅ አንዱን እጅ ያህል እርሱ ይወስዳል። ለራሱ የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዘወትር ከደም ይቀበላል። ጤነኛ ሰው ምግብ ቢዘገይበት ጉበቱ እንደ ጎተራ ሆኖ ያከማቸውን ስኳር ለደም ይሰጣል።

ያ ልጅ ግን የስኳር በሽታ ስላለበት ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ ይወስድ ነበር። ይህን መድኃኒት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1921 ዓመት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ከባልንጀሮቻቸው ጋራ አገኙት፤ ብዙ ሕፃናትንም ከሞት አድኗል። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ስኳርን ይቀንሳል። ልጁም በዚያ ቀን መድኃኒቱን ወስዶ ቍርሱን ሳይበላ መጥቶ ነበርና፥ በደሙ ያለው ስኳር ከልክ በታች ወረደ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ ልብም ቶሎ ቶሎ ይመታል። አንጐልም ሲራብ ሰው ይቈጣል ወይም ያለቅሳል፤ ቃሉ ይደናገራል፤ ጕልበቱም ይዝላል። ቶሎ ካልተረዳ ራሱን ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ብታዩ፥ ነቅቶ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ስኳር ወይም ማር ያለበትን ውሃ ስጡት፤ ለታላቅ ሰውም ንገሩ። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን እንዳይታነቅ በአፉ ምንም አታግቡ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ጥሩ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ባልንጀራችሁ ጠባዩ በድንገት ቢለወጥባችሁ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ፊቱንና እጁን ተመልከቱ። የሣቁት ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ያዳነው ግን አስተውሎ ያየው አንዱ ነው።