መጠበቅ የሚችለውና የማይችለው፦ ወረርሽኙና የቆዳ ካንሰር ሕክምና በኮለምበስ አካባቢ

በኦሃዮ ግዛት ኮቪድ-19 የቆዳ ካንሰር ሕክምናን መጀመሪያ የነካው በመንግሥት ትእዛዝ በኩል ነው። በግዛቲቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሕሙማን ከተገኙ ሳምንት ቢሆነው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020፣ የጤና መምሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ኤሚ አክተን አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ከማግስቱ ጀምሮ እንዲቆም አዘዙ። ዓላማው የፊት ጭንብል፣ ጋውንና ጓንት ለኮቪድ ሕሙማን ማትረፍና አልጋ ማስለቀቅ ነበር። ትእዛዙ በጭፍን የወጣ አልነበረም። ሕክምናው ቢዘገይ ሕይወትን የሚያሰጋ፣ አካልን ለዘለቄታው የሚጎዳ፣ ሕመሙን በፍጥነት የሚያብስ፣ ወይም ካንሰሩን የሚያሰራጭና ደረጃውን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ሊቀጥል ይችላል ይላል። ለቆዳ ሐኪሞች ዋናው ነገር ያለው እዚህ የመጨረሻው መስፈርት ላይ ነው። ለታወቀ ካንሰር በሩ ክፍት ቀርቷል፤ ገና ሐኪም ያላየው የቆዳ ነጥብ ግን ስምም ደረጃም ስለሌለው በየትኛውም መስፈርት ሊገባ አይችልም። የወረርሽኙ ትልቁ ጉዳትም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ከኮለምበስ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ግሮቭ ሲቲ በዚያን ጊዜ ሁለት አዳዲስ ሆስፒታሎች ነበሯት። ኦሃዮሄልዝ ግሮቭ ሲቲ ሜቶዲስት በ2018 መጨረሻ፣ ማውንት ካርሜል ግሮቭ ሲቲ ደግሞ በ2019 በራቸውን የከፈቱ ናቸው። ለከባድ የካንሰር ሕክምና በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጄምስ ካንሰር ሆስፒታል በቅርብ አለ። እንግዲህ አካባቢው የሐኪምም የአልጋም ድሃ አልነበረም። በኮለምበስ የስብሰባ ማዕከል እንኳ ለትርፍ ሕሙማን አልጋ ተዘርግቶ ነበር፤ የተፈራው ጎርፍ በዚያ ጸደይ ባለመምጣቱ ሳይሠራበት ቀረ። ዛሬ ላይ ሆኖ ጥንቃቄው በዝቷል ማለት ይቀላል። በዚያ ሳምንት ኒው ዮርክንና ሰሜን ኢጣሊያን ያየ ባለሥልጣን ሌላ ምርጫ ነበረው ማለት ግን ያስቸግራል።

የትኛው ካንሰር ይጠብቅ የሚለውን እያንዳንዱ ክሊኒክ ብቻውን እንዳይወስን፣ የአሜሪካ ታላላቅ የካንሰር ማዕከላት ጥምረት ኤንሲሲኤን ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ። ቤዛል ሴል የሚባለው ካንሰር ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ አካል እምብዛም የማይሄድ በመሆኑ እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል ተባለ። በላይኛው የቆዳ ሽፋን ብቻ የተወሰነ ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር፣ እንዲሁም አብዛኛው ክፍሉ በናሙና ጊዜ ተቆርጦ የወጣ ስስ ሜላኖማ ተመሳሳይ ጊዜ ተሰጣቸው። መርከል ሴል የተባለው ፈጣን ካንሰር ግን ቀጠሮ አያውቅም። ለወትሮው ሐኪምና ሕመምተኛ ተነጋግረው የሚወስኑት ነገር ለጥቂት ወራት በሠንጠረዥ ተመራ።

ሳይቋረጥ በቀጠለው ሕክምናም ቢሆን ችግሩ ጭንብል ነበር። የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በሚያገኘው ፊት፣ በተለይም አፍንጫና ከንፈር ላይ ነው። ሞስ በተባለው ቀዶ ሕክምና ሥጋው በስስ በስሱ እየተቆረጠ እዚያው በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ፣ ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ሥጋው በተቆረጠ ቁጥርም ሕመምተኛው ጭንብሉን አውልቆ ከሐኪሙ ፊት ለፊት ይሆናል። ደም ለማቆም የሚተኮሰው ቆዳም ይጨሳል። ስለዚህ ኤን-95 ጭንብል የግድ ሆነ። መቀመጫውን ኮለምበስ ያደረገው ባተል የምርምር ተቋም ያገለገሉ ጭንብሎችን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተን የሚያጸዳ ዘዴ ነበረው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ኤፍዲኤ መጀመሪያ የፈቀደው በቀን 10 ሺህ ብቻ እንዲያጸዳ ነበር፤ ገዥው ማይክ ደዋይን በይፋ ከተቃወሙ በኋላ ገደቡ ወዲያው ተነሣ።

የኦሃዮ ትእዛዝ በተፈረመበት ዕለት የፌዴራሉ መንግሥት የአረጋውያን መድን የሆነው ሜዲኬር ለርቀት ሕክምና በሰፊው እንዲከፍል መወሰኑን አስታወቀ፤ በፌስታይምና በስካይፕ የሚያክሙ ሐኪሞችም በምስጢር ጥበቃ ሕግ እንደማይቀጡ ተነገረ። ለብጉር፣ ለችፌና ለመድኃኒት ክትትል ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለካንሰር ግን እንዲያ አልነበረም። በአካል በሚደረግ ምርመራ ሕመምተኛው ልብሱን አውልቆ ጋውን ይለብሳል። ሐኪሙ ፀጉሩን እየከፈለ የጭንቅላቱን ቆዳ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ጀርባውን፣ የእግሩን ጣቶች መሐል፣ ውስጥ እግሩንና ጥፍሩን ያያል። ያጠራጠረውን ነጥብ በደርማቶስኮፕ፣ ማለትም መብራትና አጉሊ መነጽር ባለው የእጅ መሣሪያ፣ አስጠግቶ ይመረምራል፤ ይዳስሳል፤ ካስፈለገም አደንዝዞ ናሙና ይቆርጣል። በስልክ የሚታየው ግን ሕመምተኛው ራሱ የጠረጠረው ነጥብ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ካላወቀ አያሳይም። የቤቱ አምፖል ቢጫ ከሆነ ቀለሙ ይለወጣል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ የነጥቡ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ሜላኖማን ከተራ «ማርያም የሳመችው» ከሚለዩት ምልክቶች መካከል ደግሞ ቀለሙና ጠርዙ ይገኛሉ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ከ1985 ጀምሮ ያካሂደው የነበረው ነጻ የቆዳ ካንሰር ምርመራም ተቋረጠ።

መዘግየቱ ምን እንዳስከተለ ቀድማ ያሳየችው ኢጣሊያ ናት። በሮም የሚገኝ አንድ የቆዳ ሕክምና ተቋም ከእገዳው በፊት በቀን በአማካይ 2.3 አዲስ ሜላኖማ ያገኝ ነበር፤ በእገዳው ጊዜ ቁጥሩ ወደ 0.6 ወረደ። እገዳው ሲነሣ የመጡት ሕሙማን አማካይ የሜላኖማ ውፍረት ከ0.88 ወደ 1.96 ሚሊ ሜትር አድጎ ተገኘ። ብሬስሎው የሚባለው ይህ ልኬት ከ1970 ወዲህ የሜላኖማን ዕጣ ከሚተነብዩ መለኪያዎች ዋነኛው ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ካንሰሩ ወደ ንፍፊት አለመድረሱን ማጣራት በአብዛኛው ይመከራል። የሮሙ ቁጥር የአንድ ተቋም ብቻ ነው፤ በሌሎች ቦታዎች የታየው ለውጥ አነስ ያለ ነበር። እገዳው ሲነሣ ፈጥነው የመጡት የባሰባቸው ሰዎች ሊሆኑም ይችላሉ። አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም።

በኮለምበስና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ጥቁር ቆዳ ሜላኖማ እምብዛም አይይዘውም፤ ሲይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። በ1981 ያረፈው ቦብ ማርሊ ሕመሙ የጀመረው በእግሩ ጣት ላይ ነበር። በአሜሪካ ሜላኖማ ከተገኘባቸው ጥቁሮች 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት 70 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የነጮቹ ከ90 በመቶ ይበልጣል። ከምክንያቶቹ አንዱ ዘግይቶ መታወቁ ነው። ጫማ ሳያወልቁ የሚደረግ የቪዲዮ ቀጠሮ ይህን ክፍተት ከማስፋት ሌላ ፋይዳ የለውም።

ሐኪሙ ራሱ የሚማርበት ምስልም ያው ክፍተት አለበት። በ2020 ኮቪድ ቆዳ ላይ የሚያሳያቸውን ምልክቶች በተመለከተ የወጡ 130 ፎቶዎች ሲመረመሩ፣ 92 በመቶው ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የሚያሳዩ ሆኑ። እጅግ ጠይም ከሆኑት ሁለት የቆዳ ዓይነቶች አንድም አልነበረበትም፤ ቫይረሱ ግን በአሜሪካ ጥቁሮችን አብልጦ እየገደለ ነበር።

ምርምሩ በአንድ በኩል ደረቀ፣ በሌላ በኩል ገነፈለ። ኦሃዮ ስቴትን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎች አንገብጋቢ ያልሆነ የላቦራቶሪ ሥራ አቆሙ፤ በዴንቨር ሊካሄድ የነበረው የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ዓመታዊ ጉባኤ ተሰረዘ። ኤፍዲኤ ማርች 18 ባወጣው መመሪያ፣ በመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ያሉ ሰዎች በአካል መምጣት ካልቻሉ በስልክ ክትትል እንዲደረግላቸው ፈቀደ። በአንጻሩ በእግር ጣት ላይ የሚወጣውን «የኮቪድ ጣት» የተባለ እብጠትና ሌሎች ምልክቶችን የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ መዝገብ በኤፕሪል ተከፈተ። ሶሪያሲስ የተባለ የቆዳ ሕመም ላለባቸው ደግሞ ሶፕሮቴክት የተባለ መዝገብ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 374 ሕሙማን ላይ የተገኘው ውጤት፣ ባዮሎጂክ የተባሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱት በሌሎቹ የሶሪያሲስ መድኃኒቶች ላይ ካሉት ያነሰ ሆስፒታል መግባታቸውን አመለከተ። መድኃኒቱን በፍርሃት ለማቆም ለተነሡ ብዙዎች ወቅታዊ መልስ ነበር። ሉፐስ የተባለ ሕመም ያለባቸው የሚወስዱት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከኮቪድ ያድናል ተብሎ ሰዉ ሲሻማበት፣ የኦሃዮ የፋርማሲ ቦርድ ማርች 22 በአስቸኳይ ደንብ በማዘዣው ላይ የሕመሙ ዓይነት እንዲጻፍ አስገደደ።

ለሜላኖማ ሕሙማን በቀጥታ የጠቀመ ውሳኔም ተላልፏል። ፔምብሮሊዙማብ በየ3 ሳምንቱ 200 ሚሊ ግራም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነበር፤ ኤፕሪል 28 ቀን 2020 ኤፍዲኤ በየ6 ሳምንቱ 400 ሚሊ ግራም እንዲሰጥ ፈቀደ። የሆስፒታሉ ምልልስ በግማሽ ቀነሰ። ፈቃዱ በአብዛኛው የተመሠረተው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚቆይበትን ሁኔታ በሚያሰላ ሞዴል ላይ ነበር፤ ያለ ወረርሽኙ ይህን ያህል ይጣደፍ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኤስ1801 የተባለው ሙከራ ደግሞ ወረርሽኙን አልፎ 313 ሕሙማን መዘገበ። በ2023 የታተመው ውጤቱ ከቀዶ ሕክምና በፊት ይኸው መድኃኒት ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል በ2 ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያልተመለሰባቸውና ሌላ እክል ያልገጠማቸው 72 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻ ከወሰዱት ግን 49 በመቶ መሆናቸውን አሳየ።

በኢትዮጵያም የቆዳ ሕክምናው ተመሳሳይ ሽሚያ ገጥሞታል። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያለውና ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ላቦራቶሪውን ለኮቪድ ምርመራ አዋለ። በዓለም ደረጃ አዲስ የተመዘገቡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2019 ከ200 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በ2020 ወደ 127 ሺህ ገደማ ወረዱ። የወረደው የመዝገቡ ቁጥር ነው፤ በሽታው በአንድ ዓመት ያን ያህል አይቀንስም።

ኦሃዮ ሌሊት የማያሳድሩ ሕክምናዎችን ከሜይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ መልሳ ፈቀደች። የርቀት ሕክምናን የሚያጸና ሕግ በ2021 መጨረሻ ተፈረመ። የፌዴራሉ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሜይ 11 ቀን 2023 ሲያበቃ ተራውን የስልክ ቪዲዮ የፈቀደው ልል አሠራር አብሮ ቀረ፤ ክሊኒኮች የሕመምተኛን ምስጢር በሚጠብቁ ሥርዓቶች እንዲጠቀሙ ተጠየቁ። የነጥቡ ፎቶ ዛሬም ይላካል፤ የሚያገለግለው ግን ማን ቀድሞ ይታይ የሚለውን ለመለየት ነው።