ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጥ የመድኃኒት በርና ስለ መርፌው

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የሚነሣ የካንሰር በሽተኛ ለብዙ ዘመን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግድ ሆኖበት ነበር፤ ይኸውም ከቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዛሬ መድኃኒቱ በባሕር ዳርና በጎንደርም ስለሚሰጥ መንገዱ ለአንዳንዱ አጥሮለታል። ይሁን እንጂ ሕክምናው የወራት እንጂ የአንድ ቀን ስላልሆነ በሽተኛው በየመካከሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በዚያም ሳለ አንድ ነገር ቢያገኘው በመጀመሪያ የሚያየው የቅርቡ ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ፖርት የተባለውን ዕቃ በደረቱ ይዞ የሚመለስ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎቻችን ሊያውቁት የሚገባውን ነገር ልንገልጽላቸው ወደድን።

የካንሰር መድኃኒት አንዳንዱ ብርቱ ነው፤ ከእጅ ደም ሥር ጥቂት ቢያመልጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከቲታኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች፥ ስፋቷ የሳንቲም ያህል የሆነች ትንሽ ዕቃ በደረት ላይ ከቆዳው ሥር ያኖራሉ። ከእርስዋ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ በልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር ይገባል። ክዳንዋ ለስላሳ ሲሊኮን ነው፤ መርፌ ይገባበታል፥ ሲወጣም መልሶ ይገጥማል።

ታዲያ መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም። የሸንበቆ ቁራጭ በእርጥብ ጭቃ ላይ ተክለው ቢነቅሉት በውስጡ ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ ተራ መርፌም በሲሊኮኑ ላይ የሚያደርገው እንዲሁ ነው። ክዳኑ ይበሳል፥ መድኃኒቱም ከቆዳው በታች ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ፖርቱን በቀዶ ሕክምና ከማውጣት በቀር መላ አይገኝለትም። የሁበር መርፌ ግን ጫፉ ጥቂት ስለ ታጠፈና ቀዳዳው ወደ ጐን ስለሚመለከት ሲሊኮኑን ይከፍለዋል እንጂ አይቈርጠውም። በዚህ መርፌ የሚወጋ ክዳን 1000 ጊዜና ከዚያም በላይ እንዲችል ሆኖ ይሠራል።

ሁበር የካንሰር ሐኪም አለመሆኑ ይገርማል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ይኖር የነበረ የጥርስ ሐኪም ነው፤ መርፌውንም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 አስመዘገበ። ፖርት ለካንሰር በሽተኞች እንደሚያገለግል የአሜሪካ ሐኪሞች የጻፉት በ1982 ነውና፥ መርፌው በሩን 36 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው።

መርፌው ብዙ ጊዜ እንደ ማዕዘን የታጠፈ ነው፤ በደረት ላይ ተጋድሞ እንዲቀመጥ ነው። ውፍረቱ በቁጥር ይነገራል፥ ቁጥሩም ሲበዛ መርፌው ይቀጥናል፤ 22 ከ19 የቀጠነ ነው። ርዝመቱ እንደ ሰውየው ውፍረት ይመረጣል። ወጊው እጁን ታጥቦ፥ ንጹሕ ጓንት አድርጎ፥ ቆዳውን በመድኃኒት ጠርጎ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ፖርቱን በጣቶቹ ይዞ መርፌውን የዕቃውን ወለል እስኪነካ ቀጥ አድርጎ ያገባል። ደም መመለሱን ሳያይ መድኃኒት አይሰጥም። ስሪንጁም ከ10 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም፤ ትንሽ ስሪንጅ ብርቱ ግፊት ስላለው ቱቦውን ሊያፈነዳ ይችላል።

በአገራችን መርፌ ካልተወጋ ታከምሁ የማይል ሰው ብዙ ነው፥ ወጊም አይጠፋም። እኛ ግን የምንለው፥ ትክክለኛው መርፌና የሠለጠነ እጅ ከሌለ ፖርቱ አይነካ ነው። ለጊዜው የሚያስፈልገው ፈሳሽ በክንድ ደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። መርፌው በደረት ላይ ገብቶ የሚቆይ ከሆነ ከነመሸፈኛው በ7 ቀን ይለወጣል፤ እስኪወጣም ውሃ እንዳይነካው ያስፈልጋል። ሕክምናው ሲቋረጥም ፖርቱ እንዳይደፈን ሐኪሙ በወሰነው ቀጠሮ ይታጠባል፤ ይህም በብዙ ስፍራ በየወሩ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፥ ይልቁንም ፖርቱ ከታጠበ በኋላ ቢሆን፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ዘመዳችሁ ወደ ቡሬ ከመሳፈሩ በፊት የፖርቱን ካርድ መያዙን ጠይቁት። ለእርሱ የሚስማማ ሁለት መርፌ ሐኪሙ ከሰጠው፥ ማሸጊያው አለመቀደዱንና የተጻፈበት ቀን አለማለፉን እዩለት፤ የመርፌውን ቁጥርና ርዝመትም በወረቀት አስጽፉለት።