የጎራዴው ትውልድ አገር

«የጃፓን ሰይፍ የጠመንጃ አፈሙዝ ይቆርጣል ይባላል። የኛውስ፣ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅሁ። ደሴ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ነን፤ ጎራዴው ከግድግዳ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «የኛው በምን ያንሳል!» አሉኝ። «አያቴ ሰገሌ የዘመቱበት ነው። ያገራችን ጠይብ እጅ ነው።»

ከአፎቱ ሳወጣው ስለቱ ዝጓል። ዘይት በነካው ጨርቅ ሳሸው፣ ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ ዘውድ የደፋ አንበሳና የአማርኛ ፊደላት ብቅ አሉ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ገልብጬ ሌላውን ፊት ስወለውል ግን ትንንሽ የላቲን ፊደላት ወጡ፦ ሶሊንገን።

ሶሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት። ለኢትዮጵያ መኳንንት አንበሳውንም ፊደሉንም እየቀረጹ ጎራዴ ከላኩ አውሮፓውያን መካከል የእሷ ፋብሪካዎች ይገኙበታል። ያረጀ የአውሮፓ ፈረሰኛ ሰይፍ አግኝቶ አዲስ እጀታ ያስገጠመለትም ነበር። ያገር ቤት ባለሙያ የተጠበበው በአውራሪስ ቀንዱ እጀታና በቆዳው አፎት ላይ ነው። እንደ ማጭድ የታጠፈው ሾተል ግን የራሳችን ብልሃት ነው፤ ጫፉ የባላንጣን ጋሻ ዞሮ ከኋላ ይወጋል።

ኮምቦልቻ ወርጄ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋና ማጭድ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ጃፓኖች ብረቱን እያጠፉ ደጋግመው እንደሚቀጠቅጡት ስነግረው፣ ወናፉን ሳያቆም «ብረቱ ከመነሻው ጥሩ ከሆነ ምን ያሳጥፈዋል?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የጃፓኑ ሰይፍ መነሻው ብረት ያዘለ አሸዋ ነው። አሸዋው በከሰል እሳት ሲነጠር የሚወጣው ብረት ቆሻሻ አያጣውም፤ ካርቦኑም አንዱ ጋ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንሳል። አጥፎ መቀጥቀጡ ያንን ለማጥራትና ለማስተካከል ነው። 12 ጊዜ ከታጠፈ 4,096 ድርብ ይሆናል፤ ቁጥሩ ያስደንቃል እንጂ ተአምር የለበትም። ቀጥሎ ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስስ ጭቃ ይቀባና ግሎ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አፉ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን እንዳይሰበር ለስለስ ብሎ ይቀራል። ያ ጠንካራ አፍ ሥጋና አጥንት ይቆርጣል፤ ጠንካራ ብረት ሲገጥመው ግን ይሸረፋል። የአፈሙዙ ወሬ ተረት ነው። የጃፓን ጦረኞች፣ ሳሙራዮቹ ራሳቸው፣ ለብዙ ዘመን በጦር ሜዳ የሚተማመኑት መጀመሪያ በቀስት፣ ኋላም በጦር ነበር።

ስለት ጠመንጃን ሲገጥም ምን እንደሚሆን ወሎም አይታዋለች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጦር፣ በጎራዴና በአሮጌ ጠመንጃ እንግሊዞችን ገጠመ። ከኋላው በሚጎርስ ጠመንጃ ፊት ወደ 700 ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ነው። በዚያው ዓመት ጃፓን የሜጂ ዘመንን ጀመረች፤ ከስምንት ዓመት በኋላም በአደባባይ ሰይፍ መታጠቅን ከለከለች።

በሁለቱም አገር ሰይፉን ጠመንጃ አሸነፈው። ታዲያ የጃፓኑ ብቻ እንዴት በዓለም ገነነ? ልዩነቱን ያገኘሁት ከእጀታው ሥር ነው። ብዙ የጃፓን ሰይፍ ሠሪዎች እጀታው ውስጥ በሚደበቀው የብረቱ ጭራ ላይ ስማቸውን ይቀርጹ ነበር፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በስም ተቆጥሯል። ዛሬም ሰይፍ ሠሪ ፈቃድ ያወጣል፤ በወር ከሁለት በላይ ረጅም ሰይፍ እንዳይሠራም ይገደባል፣ እንዳይጣደፍ።

እኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተባለ፤ ማረሻውን ተቀብሎ የሚያርሰው ሰው አብሮት አይበላም፣ ልጁንም አይድርለትም ነበር። እንዲህ የተናቀ ሰው ስሙን ብረት ላይ ለማን ብሎ ይጽፋል? ዝናን የሚያወርሰው ሠሪውን የሚያከብር አገር ነው። እኛ ሠሪውን ንቀን ሥራውን ስለወደድነው፣ በጀግኖቻችን ጎራዴ ላይ የሶሊንገን ስም ቀረ።