ክብ የነበረው ሳህን ለምን ሞላላ ሆነ?

በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አንድ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን አገር በነበርኩበት ጊዜ፣ የፊዚክስ ክፍሉን መሣሪያዎች የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ እያሳዩኝ በገዛ እጄ ያወጣሁት ነው። ከማሽኑ ላይ ሲወርድ አፉ በየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ 30 ሴንቲሜትር ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በአንድ አቅጣጫ 30፣ ለዚያ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ደግሞ 29 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ስንጥቅም ወጥቶበታል። ጥፋቱን በእጄ አለመሠልጠን ሳሳብብ መካኒኩ ሳቅ ብለው፣ «እጅህስ ደህና ነው፤ የክብን ሂሳብ ነው የረሳኸው» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት እንበል። በአገራችን የብረታ ብረት ሠራተኞች ከጣሊያንኛ በተወሰደ ስሙ ቶርኖ ይሉታል። በዚህ ማሽን ላይ የሚሽከረከረው የሚቀረጸው ዕቃ ሲሆን፣ መሮው በብረት መደገፊያ ላይ ተደግፎ በሠራተኛው እጅ ይመራል። 30 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው እንጨት በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 9.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መሮው ከጠርዝ ወደ መሐል በገባ ቁጥር የመቁረጥ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጀማሪ ሠራተኛ መሐሉን ማለስለስ የሚያቅተው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው የክብደት አለመመጣጠን ነው። ገና ያልተስተካከለው እንጨት በአንድ ጎኑ ከማዕከሉ 10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 200 ግራም ትርፍ ቁስ አለው እንበል። የዚህ ትርፍ ቁስ ክብደት 2 ኒውተን ብቻ ነው። በደቂቃ 600 ዙር ሲሽከረከር ግን ማሽኑን የሚጎትተው ኃይል የቁሱ መጠን፣ የራዲየሱና የማዕዘናዊ ፍጥነቱ ካሬ ብዜት ስለሆነ ወደ 79 ኒውተን ይደርሳል። ይህም በሴኮንድ 10 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ይጎትታል። ፍጥነቱን እጥፍ ብናደርገው ኃይሉ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ 316 ኒውተን ይሆናል። መካኒኩ እንጨቱን አስቀድመው በእጃቸው አዙረው ሳያዩ ማሽኑን አያስነሡም ነበር። ሲያስነሡትም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው፤ ፊታቸውን በመከላከያ ሸፍነው ከሚሽከረከረው እንጨት ትይዩ ገለል ብለው ይቆማሉ። ወርክሾፕ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ይህን ከምንም በፊት ሊያውቅ ይገባል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። የተሠራው ቢች ከሚባለውና በጀርመን ደኖች በብዛት ከሚገኘው ቅጠለ ሰፊ ዛፍ፣ ገና ከተቆረጠ እርጥብ ግንድ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ከእንጨቱ የሚፈናጠቀው ውኃ ሸሚዜን አርሶት እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህ ውኃ በሕዋሳቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ ስለሆነ ሲወጣ እንጨቱን ያቀልለዋል እንጂ መጠኑን አይለውጥም። ለውጡን የሚያመጣው በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ፣ በሴሉሎስ ክሮች መካከል ሰርጎ የተያዘው ውኃ ነው። የእርጥበቱ መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ እንጨቱ አይኮማተርም። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ክሮቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ እንጨቱም መኮማተር ይጀምራል።

ክሮቹ በአብዛኛው በግንዱ ቁመት አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ስለሆነም የሚቀራረቡት በጎን እንጂ በቁመት አይደለም። ቢች ከእርጥብነት ተነሥቶ ፍጹም እስኪደርቅ ድረስ በቁመቱ ከ0.3 በመቶ የማይበልጥ ሲያጥር፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ በሚወስደው የራዲየስ አቅጣጫ 5.8 በመቶ፣ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ 11.8 በመቶ ያህል ይኮማተራል። በራዲየስ አቅጣጫ መኮማተሩ ያነሰበት አንዱ ምክንያት፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ የተዘረጉ ረድፈ ሕዋሳት እንደ ማገር ሆነው ስለሚይዙት ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጥ እንጨት 10 በመቶ ያህል እርጥበት ስለሚቀርለት ከእነዚህ ቁጥሮች የሚደርስበት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው፤ ይኸውም በራዲየስ 3.9፣ በዙሪያ 7.9 በመቶ። የሳህኔ አፍ በአንድ በኩል የግንዱን ቁመት፣ በሌላው በኩል ራዲየሱን ተከትሎ የተቀረጸ ነበር። የመጀመሪያው ባለበት ሲጸና ሁለተኛው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ አጠረ። ሞላላነቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ስንጥቁስ? እዚህ ላይ ነው የክብ ሂሳብ የሚመጣው። የክብ ዙሪያ የራዲየሱ 2π እጥፍ መሆኑን ሁላችንም ከዝቅተኛ ክፍል ጀምሮ እናውቃለን። ከግንድ ላይ እንደ ዳቦ ተቆርጦ የወጣ አንድ ክብ ቁራጭ እንውሰድ። ሲደርቅ ራዲየሱ ወደ 0.961፣ ዙሪያው ወደ 0.921 ይወርዳል። ዙሪያው ከራዲየሱ ይበልጥ ስላጠረ አዲሱን ራዲየስ ሊከብበው አይችልም። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለን በ360 ብናባዛ 345 ዲግሪ ብቻ እናገኛለን። የጎደለው 15 ዲግሪ የግድ በአንድ ቦታ መከፈት አለበት፤ የሚከፈተውም ከቅርፊቱ ወደ እምብርቱ በሚጠብ የሽብልቅ ቅርጽ ነው። የማገዶ ግንድ ጫፍ ላይ የምናየው ስንጥቅ ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላል። (በባሕር ዛፍ ላይ ግን ዛፉ በቁሙ ሳለ በውስጡ ያከማቸው ውጥረትም ስለሚጨመርበት መሰንጠቁ ከመድረቁ በፊት ሊጀምር ይችላል።)

የእኔን እንጨት የቆረጥኩት ከእምብርቱ ጥቂት አልፎ ስለነበር እምብርቱ በሳህኑ ጠርዝ ውስጥ ቀርቷል። በዙሪያው ያለው ቀለበት ሳይቋረጥ ስለታሰረ መፍትሔው መሰንጠቅ ብቻ ነበር። ግንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ እምብርቱ ጨርሶ ቢወጣለት ኖሮ ቀለበቶቹ ስለሚቆረጡ እያንዳንዱ ግማሽ በነጻነት ይጣመም ነበር እንጂ ስንጥቁ አይወጣም ነበር።

መጣመሙን ማስቀረት አይቻልም፤ አስቀድሞ ማስጨረስ ግን ይቻላል። ባለሙያዎች ሳህኑን በመጀመሪያ የግድግዳውን ውፍረት የዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል፣ ለ30 ሴንቲሜትር ሳህን 3 ሴንቲሜትር፣ አድርገው በጅምላ ይቀርጹታል። ከዚያም በወረቀት ከረጢት ወይም በራሱ ፍቅፋቂ ውስጥ ለወራት ያቆዩታል። መሸፈኑ ለጌጥ አይደለም፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ቢደርቅ ውስጡ ገና ሳይኮማተር ላዩ ተወጥሮ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ ሲመዘን ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ደርቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞላላ የሆነውን ሳህን ወደ ቶርኖው መልሰው በተረፈው ውፍረት ውስጥ እንደገና ክብ ያደርጉታል።

ማሽኑ የሌለው አንባቢ ይህን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። ከእርጥብ የዋንዛ ወይም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ጥቂት ክብ ቁራጮች በመጋዝ ይቁረጡ። ግማሾቹን እንዳሉ ይተዉ፤ የቀሩትን ከቅርፊቱ እስከ እምብርቱ ድረስ በአንድ መሥመር በመጋዝ ይሰንጥቁ። ሁሉንም ከፀሐይ ገለል አድርገው በየቀኑ እየመዘኑ ክብደታቸውን ይመዝግቡ። ክብደቱ ሲጸና አስቀድመው በተሰነጠቁት ላይ የተከፈተውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለኩ፤ እንዳሉ በተተዉት ላይ የወጡትን ትናንሽ ስንጥቆች ማዕዘንም ደምረው ያነጻጽሩ። የሁለተኛው ድምር ያነሰ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ልዩነቱን እንጨቱ ሳይሰነጠቅ በመለጠጥ ችሎት ይዞታል።